የመጠባበቂያዋ ፎቶ

ሮብ ገበያ
ሐምሌ 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለአንለይ
ሻኪሶ

አንለይ፣ እንደምን ከረምህ? አገሩ ተስማማህ ወይ? ወባ ይበዛበታል ሲሉ ስለሰማሁ ሐሳብ ላይ ነኝ። አጎበር ከሌለህ ግዛ። ለካሜራ ዕቃ ሲሆን እጅህ ይፈታል፣ ለራስህ ሲሆን ትሰስታለህ። እኔና ማርያማዊት በሕይወት አለን። እንበላለን፣ እንተኛለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ራሷን በብርድ ልብስ ትሸፍንና እኔ ላይ ትለጠፋለች። ከዚህ በላይ "ደህና ነን" ብዬ ብጽፍልህ ውሸት ይሆንብኛል።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ መምህርት ትንቢት ናት፤ የማርያማዊት አስተማሪ፣ ያቺ ከዲላ በኩል ተመድባ የመጣችው። ጉርድ ፎቶ ልትነሳ መጥታ፣ አንስተሃት ካበቃህ በኋላ "ቆይ አንዴ፣ ይቺ ለመጠባበቂያ" ብለህ እንደገና ያስቀመጥሃት ናት። "ባልሽ ሰውን በአንድ ፎቶ አይለቅም" እያለች እስከ ዛሬ ትስቃለች። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ነገ ወደ አገሯ ትሄዳለች። እምነቷ ከእኛ ይለያል፣ እዚህ ዘመድም ወገንም የላት፣ የማንንም ደም አትቆጥርም። ስለዚህ ከሁሉ እሷን አመንሁ። እንዲያም ሆኖ ፖስታውን በሙጫ ካሸግሁ በኋላ ዳርዳሩን በክር ሰፍቼዋለሁ። እሷ ፊት አትክፈተው።

ደብዳቤህ ሰኔ መጨረሻ ላይ ደርሶኛል። "ቀን ይቁረጡልኝ፣ መጥቼ በታቦቱ ፊት እምላለሁ። ወንድምሽ ገዳሙ ወደ ጉብታው መምጣቱን አላወቅሁም፣ መብረቁ እስኪመታው ድረስ አላየሁትም" ብለሃል። ቃልህን እንዳለ ለመሪጌታ ሀይለመለኮት አነበብሁላቸው። ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ራሳቸው ያነቡት ነበር። ጢማቸውን እየደባበሱ ሰሙኝና "እሰይ፣ ሰው መሐላ ካልፈራ ንጹሕ ነው" አሉ። እኔም የዚያን ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድሜ ከተቀበረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ በአፌ ጣመኝ።

መሪጌታ ሌሎቹን ሽማግሌዎች ሰብስበው ድረስን ለመኑት። ታላቅ ወንድሜን አንተም ታውቀዋለህ፤ በደህናው ጊዜም ከሰው ጋር ለመጣላት ሰበብ አያጣም። ገዳሙ ከሞተ ወዲህ ጠመንጃውን ከትከሻው አላወረደም። ገበያም ቤተ ክርስቲያን ደጅም ይዞት ይሄዳል። ከተማው ካሜራህ መብረቅ ይጠራል እያለ ያወራል፤ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሰቅለኸው የነበረውን የጮቄን ተራራ መብረቅ ፎቶ እንኳ ፈርተውት አላፊ አግዳሚው ፊቱን ያዞር ስለነበር አውርጄዋለሁ። ይህ ሞኝነት ነው፣ ይተዋል። የድረስ ግን ሌላ ነው። "አንለይ ወንድሜን ለፎቶ ብሎ ዝናብ ላይ አቁሞ አስገደለው፣ ከዚያ አላየሁትም ብሎ ካደ" ነው የሚለው። ሽማግሌዎቹ ቀኑን ሙሉ ሲለምኑት ውለው ማምሻውን እንዲህ አለ፦

"ይማል። እኔ ደም የጠማኝ ሰው አይዶለሁም። ግን በታቦቱ ብቻ አይዶለም የሚምለው። እጁን የልጁ ራስ ላይ ይጫንና 'ገዳሙን አቁሜው እንደሆነ ይቺን ልጅ አፈር ያልብስብኝ' ይበል። ያን ጊዜ ጠመንጃዬን ደጀ ሰላሙ ላይ አጋድሜ አንገቱን አቅፌ እስመዋለሁ።"

"ኧረ ልጄ፣ ሕፃን በመሐላ አይገባም፣ እኔ አልወደድሁትም" አሉ መሪጌታ።

"እንግዲያው ይቅር" አለ ድረስ፣ ተነሣ።

"ተው ተቀመጥ" አልሁት እኔ። "ልጄን አመጣታለሁ። ባሌ አይዋሽም።"

እንዲህ አልሁ። በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት። መሪጌታ ቀኑን ቆረጡ። ለሩፋኤል፣ ጳጉሜን ሦስት፣ ከቅዳሴ በኋላ። "ደም ተሸክመን አዲስ ዓመት አንገባም" አሉ። ማርያማዊትም አባቷ ለእንቁጣጣሽ እንደሚመጣ ሰምታ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

አሁን ይህን ደብዳቤ የጻፍሁበትን ነገር ልንገርህ። ቀስ ብለህ አንብበው።

የገዳሙ ተዝካር የሐዋርያት ጾም እስኪፈታ ተብሎ ገፋ እንጂ ባለፈው ሳምንት ወጥቷል። ከዚያ በፊት እናቴ አላስቀምጥ አላስተኛ አለችኝ። በቀብሩ ዕለት አይተሃት የለም? ሌላዋ እናት የልጇን ፎቶ ደረቷ ላይ ይዛ ታለቅሳለች፣ የኔ እናት ለዝናብ የሚደርበውን የሣር ገሳውን ይዛ አለቀሰች። ወንዶቹ አንተ ገዳሙን አዝለህ ከወረድህ በኋላ ወደ ጉብታው ወጥተው ጭቃ ላይ ተበትኖ ያገኙት ገሳ ነው። "መብረቁ ከላዩ ገፎ የጣለው ነው" አሉ፣ ማንም ሌላ ነገር አላሰበም። እሷም እንደ ሕፃን አቅፋው ዋለች፣ ሣሩ እየተበጠሰ እጇ ላይ ቀረ። ቤተ ዘመዱ ሲያያት ከለቅሶው ይልቅ እሱ አንጀቱን በላው።

"የፎቶ ቤት አማች ሆኖ የኔ ልጅ የትም የለም?" አለችኝ። "ያን ሁሉ ሠርግ፣ ያን ሁሉ ጥምቀት ስታነሱ አንድ ጊዜ አልገባም? ፈልጊልኝ እባክሽ ልጄዋ። መልኩ እየጠፋብኝ ነው።"

እውነቷን ነው። ገዳሙ ሲመጣ ሁሉ "ና ቁጭ በልና ላንሳህ" ትለው ነበር፣ እሱ ደግሞ "ጉርድማ ለመታወቂያ ነው፣ እኔን ከነመብረቁ ነው የምታነሳኝ" እያለ ይቀልድ ነበር። ከሰው ሁሉ ያንተን መብረቅ የሚወድ እሱ ብቻ ነበር። የጮቄን ሥዕል ፊት ለፊት ቆሞ "ይኸ እኮ ሥር ነው፣ ሰማይ ሥር አለው" ሲል ትዝ ይለኛል። እንዲያ ሲቀልድ ሳይነሳ ቀረ።

የድሮውን ኔጋቲቭ ሁሉ አወጣሁ። መስኮት ላይ እያንጠለጠልሁ ሳይ ሰነበትሁ። የጥምቀቱ ላይ ጀርባውን አገኘሁት። የአስማማው ሠርግ ላይ እጁ አለ፣ ብርሌ ይዟል፣ ፊቱ በሰው ተጋርዷል። ዓይኔ እስኪቀላ አየሁ። ከዚያ ካሜራህ ትዝ አለኝ።

ወንዶቹ ከገሳው ጋር ካሜራህንና ማቆሚያውን አምጥተውልኝ ነበር። ድረስ "አምጪው በድንጋይ ልበለው" ሲል ሣጥን ውስጥ ከትቼ ቆልፌበት ረስቼዋለሁ። ፊልሙ ውስጡ ነው። የፋሲካ ዕለት ማርያማዊትን በአዲስ ቀሚሷ ያነሳሃት በዚያው ፊልም ነበርና፣ ገዳሙም ያን ቀን እኛ ቤት ስለዋለ ምናልባት ከኋላዋ ገብቶ ይሆናል ብዬ ነው የከፈትሁት። ይህን እወቅልኝ። አንተን ልመረምር አይደለም። ሌላ ነገር ይኖርበታል ብዬ በሕልሜም አላሰብሁም።

ጨለማ ክፍሉን እንዳስተማርኸኝ አደረግሁ፤ በሩን በጋቢ ደፈንሁ፣ ፊልም ነውና ቀይዋን አምፖል እንኳ አላበራሁም። የፊልም ማጠቢያው ዱቄት ረግቶ ነበር፣ ለብ ባለ ውኃ ፈታሁት። ፊልሙን አጥቤ ስዘረጋው መጀመሪያ ማርያማዊት መጣች፣ ከዚያ በግ፣ ከዚያ የጎረቤት ሠርግ። ገዳሙ የለም። ከዚያ ሰማይ ብቻ፣ መብረቅ ብቻ፣ የዚያ ሌሊት ነገር። ልጥለው ነበር። መጨረሻው አካባቢ ግን ሰው ቆሟል። በኔጋቲቭ ጨለማው ነጭ፣ ብርሃኑ ጥቁር ነውና ማንነቱ አልለይ አለኝ፣ እንዲያውም ራሴን መሰለኝ። ለምን ራሴን እንደመሰለኝ አንተ ታውቃለህ።

መብራት እስኪመጣ ጠብቄ ወረቀቱ ላይ አጎላሁት። ከውኃው ውስጥ ቀስ እያለ ወጣ። መጀመሪያ መብረቁ፣ ከጮቄ ጫፍ እስከ ታች፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ስትጠብቀው የኖርኸው ዓይነት። ከዚያ ድንጋዩ። ከዚያ ወንድሜ።

አንለይ፣ ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ከደብዳቤው ጋር አስቀምጠውና እይው።

ዝናቡ እየወረደ ራሱን ገልጧል። ዱላውን ከጎኑ ቀጥ አድርጎ ይዟል። እጁ ወርዷል፣ ደረቱ ወጥቷል፣ ወታደር ይመስል እግሩን ገጥሟል። ፈገግ ብሎ ፊት ለፊት ወደ ካሜራው ያያል። ገሳው ደግሞ እግሩ ሥር ነው፤ በሥርዓት ታጥፎ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖበታል። መብረቅ የገፈፈው ገሳ አይታጠፍም። በዚያ ዝናብ ገሳውን አውልቆ የሚያጥፍ ሰው ፎቶ የሚነሳ ሰው ብቻ ነው።

ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፣ ወረቀቱ ውኃው ውስጥ ቆይቶ ዳሩ ተጠቅልሎ ነበር።

ሌላ ሰው ቢያየው ላይገባው ይችላል። ለእኔ ግን ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም፣ እዚያው ድንጋይ አጠገብ አምና በሚያዝያ እኔንም አቁመኸኛልና። ሰው አበደች ይለኛል ብዬ ለማንም አልተናገርሁም። "መብረቅ ብቻውን ጭረት ነው፣ ሰው ከሌለበት ትልቅነቱ አይታይም" ብለህ ለመንኸኝ። "ጃንጥላውን አጥፊና እግርሽ ሥር አድርጊው፣ ድንጋይ ጫኝበት። ነጠላሽን ከራስሽ አውርጂ። እጅሽን አውርጂ። እኔን እይ። ሲበራ አትጨፍኚ" አልኸኝ። እንደሙሽራ ቆምሁልህ። ሰማዩ በርቶ ሲጠፋ ልሄድ ስል ደግሞ "ቆይ አንዴ፣ ይቺ ለመጠባበቂያ" አልኸኝ። በርዶኝ ነበር፣ ፈርቼም ነበር፣ የአፌን ያህል ሰድቤህ ወረድሁ። ገዳሙ ግን ሰው እምቢ ማለት አያውቅበትም።

ምክንያቱም ፊልሙ እዚያ አላበቃም። ከእሱ ቀጥሎ አንድ አለ። ኔጋቲቩ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። አጎላሁት፣ ወረቀቱ እንደገባ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ እሱን የመታው መብረቅ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም አልተነካም።

የመጀመሪያዋን አግኝተሃት ነበር እኮ! ያቺን የመሰለች ፎቶ በእጅህ ገብታ ነበር። ያን ጊዜ "በቃ፣ ና እንውረድ" ብትለው ኖሮ ዛሬ እሱም እርሻው ላይ፣ አንተም ቤትህ ነበርህ። ፊልሙን አዙረህ፣ የካሜራውን ዓይን እንደገና ከፍተህ፣ እንደገና አቆምኸው። ምን እንዳልኸው ድምፅህ ይሰማኛል። እሱም እየሳቀ እንደገና ደረቱን ሲነፋ ይታየኛል። ይህ ነው ሌሊት ሌሊት የሚያባንነኝ፤ መብረቁ አይደለም።

ተናድጄብሃለሁ። እንዴት አድርጌ እንደምነግርህ አላውቅም። ሆኖም ክፉ ሰው አልልህም። ከዚያ ጉብታ በጀርባህ አዝለኸው ስትወርድ አይቼሃለሁ፣ ጫማህ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ፣ ጉልበትህ ደምቶ። ገዳሙ ራቱን እኛ ዘንድ በልቶ "ዝናቡ ሊጥል ነው፣ አንለይን ይዤው ልምጣ" ብሎ በገዛ እግሩ ነው የወጣው። ፎቶውንም ወድዶ እንደተነሳው ፈገግታው ይናገራል። የዚያን ሌሊት ለቅሶህ ውሸት አልነበረም። ድረስ በሩ ላይ "ምን ሆነ?" ብሎ ሲጮህ "አብረን ነበርን፣ አቁሜው ነበር፣ መታብኝ" ብትል ኖሮ አብራችሁ ታለቅሱ ነበር። መብረቅ የእግዜር ነው፣ ማንም በመብረቅ ደም አይፈልግም። አንተ ግን "አላየሁትም፣ ከኋላዬ ነበር" አልህ። ፈርተህ ነው። ገባኝ። ግን በማግስቱ ደገምኸው፣ በቀብሩ ደገምኸው፣ ከሻኪሶ ጽፈህ ደገምኸው። አሁን ደግሞ እጅህን ልጄ ራስ ላይ ጭነህ ልትደግመው ነው።

አይሆንም።

ብትምል ሁሉም ያምንሃል፣ እሱን አውቃለሁ። ድረስ ጠመንጃውን ያጋድማል፣ መሪጌታ ይመርቁሃል፣ ፎቶ ቤቱ ይከፈታል። ማታ ማታ አጠገቤ ትተኛለህ። አልዋሽህም፣ ይህ ሁሉ ታይቶኝ አንድ ቀን ሙሉ ዝም ልል ወስኜ ነበር። ናፍቀኸኛል። ኮትህ አሁንም በሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። በማግስቱ ግን ማርያማዊት ጉንፋን ይዟት ሳለች፣ እንዲያው የክረምት ጉንፋን፣ እኔ እንደ እብድ ግንባሯን እየዳበስሁ ቁጭ ብዬ አነጋሁ። ገና ሳትምል! ከማልህ በኋላ ባሳለች ቁጥር፣ ትኩሳት በነካት ቁጥር፣ ዝናብ ላይ ውጪ በዘገየች ቁጥር፣ ዞር ብዬ አንተን ነው የማየው። እንደዚያ ሆነን አንድ ቤት አንኖርም። አንተ በመሐላ ባታምን እንኳ እኔ አምናለሁ፣ ለእኔ በቂ ነው።

እውነቱን ይዘህ ብትመጣስ ብዬም አሰብሁ። መሪጌታን በወሬ መሀል አስመስዬ ጠየቅኋቸው፤ "አንድ ሰው ክዶ ኖሮ በመጨረሻው ሰዓት ቢያምንስ?" ብዬ። የገባቸው ይመስለኛል። "እግዚአብሔር ይቀበለዋል" አሉኝ፤ "ድረስን ግን እግዚአብሔር አያድርገውና እኔ አላስቆመውም" አሉ። ድረስ አሁን የሚያዝነው ለሞቱ ብቻ አይደለም። በእናታችን ፊት ዋሸን ነው የሚለው፤ ለዚህ ሁለተኛ እርቅ የሚሰማ ሰው አይደለም። አንተን ገድሎ እሱ ወኅኒ ቢገባ፣ እናቴ ከሦስት ልጅ እኔ ብቻ እቀርላታለሁ። ማርያማዊትም አጎቷ አባቷን የገደለባት ልጅ ትሆናለች።

ስለዚህ አትምጣ።

ለመሪጌታ እንዲህ ብለህ ጻፍላቸው፤ "ልጄን በመሐላ አላስገባም፣ ስለዚህ አልመጣም።" ይህ እውነት ነው፣ አንድም ቃል ውሸት የለበትም። እሳቸውም ከመጀመሪያው አልወደዱትም። ድረስ "ይኸው ፈራ" ይላል፣ ይበል። ከተማውም የሚለውን ይበል። መሐላው በአንተ ደብዳቤ ይፍረስ፣ በእኔ አፍ አይፍረስ፤ እኔ ልጄን አላመጣም ብል ድረስ በዚያው ቀን ነገሩን ይረዳዋል። ደብዳቤህ ከሩፋኤል በፊት ካልደረሰ ግን ማርያማዊትን ይዤ ይጁቤ ከምትኖረው አክስቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ብትመጣም አታገኛትም።

ድረስ ምንም አላየም፣ ማንም አላየም። ሙሉው ፎቶ የታተመው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አንተ እጅ ላይ ነው። ነጩን ወረቀት አቃጠልሁት። ኔጋቲቩን ላቃጥል ክብሪት ጭሬ ነበር፣ አልቻልሁም፣ የወንድሜ መልክ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው። የት እንደደበቅሁት ግን ለአንተም አልነግርህም።

ከእሱ ላይ ፊቱን ብቻ ነጥዬ አጎላሁት፤ ድንጋዩን፣ ገሳውን፣ ሰማዩን ሁሉ አስቀርቼ። ለእናቴ "የፋሲካ ዕለት የተነሳው ነው፣ ከማርያማዊት ፊልም ላይ አገኘሁልሽ" አልኋት። ፀጉሩ ላይ ያለውን የዝናብ ጠብታ በእርሳስ አጠፋፋሁት። ብርሃኑን ግን ማጥፋት አልተቻለኝም፤ ፊቱ ከወትሮው ነጭ ሆኖ ይበራል። በመስተዋት አስገብተን ለተዝካሩ አቆምነው። መጀመሪያ ድረስ ቀርቦ ሳመው፣ ጠመንጃው ትከሻው ላይ እንዳለ። "ምን ዓይነት ፎቶ ነው፣ ሊናገር ነው እኮ የሚመስለው" ያላለ ሰው የለም። ሥራህን አመሰገኑልህ፣ ስምህን ሳይጠሩ።

ለማርያማዊት አባትሽ ሥራ በዝቶበታል እላታለሁ። ብትጽፍላት ደስ ይላታል፣ ስለ መብረቅ ግን አትጻፍላት። ወርቅ የሚያወጡትን ሰዎች ስታነሳ ዋልሁ ምናምን በላት። እዚያም ክረምት ሲሆን ሰማዩ ይበራ ይሆናል። ወጥተህ እንዳትቆም። አንተም ለእኔ ሰው ነህ።

የፈራኸውን ሁሉ እግዚአብሔር ያርቅልህ። ሰው አገር እንደወጣህ አያስቀርህ እንዳልል፣ ና ማለት ሆነብኝ፤ እንግዲህ ባለህበት ይጠብቅህ። ንስሐ አባት ፈልግና ለእሱ እንኳ ሳትደብቅ ተናገር። አንድ ሰው ላይ እውነቱን ማሳረፍ አለብህ፣ እኔ ላይ ብቻ አትተወው።

እናቴ ፎቶውን ከራስጌዋ ሰቅላዋለች። ጠዋት ጠዋት እንደሰው ታዋራዋለች። ትናንት መስተዋቱን በነጠላዋ ጫፍ ስትወለውል ቆየችና "ማንን እያየ ነው እንዲህ ደስ ያለው?" አለችኝ። ምን ልበላት? "አንለይን ነው፣ እሱ ነው ያነሳው" አልኋት። ፎቶውን ሳመች፣ ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ መረቀችህ። "ዕድሜ ይስጠው፣ ልጄን አስቀረልኝ" አለች።

ፋንታነሽ